ይራዘም ወይስ ይቅር

ያን ቀን ደሴ ላይ የወረደው ዝናብ የሰው ድምፅ አያስለይም ነበር። ይመር ባንኮኒው ሥር አጎንብሶ የአዲሱን ላፕቶፕ ቻርጀር ከሶኬቱ ጋር ሲያታግል፣ ከራሱ በላይ የሚባለውን የሰማው ከቆርቆሮው ጩኸት ጋር እየተሻማ፣ ግማሽ ግማሹን ነው።

«የመጀመሪያውን ዓመት ሠሪው ይችለዋል» ይላሉ ሻጩ ጋሽ ኑርዬ። «ቢሞቅ፣ ቢደክም ሠሪው አለ። ከዚያ ወዲያ ግን ባለቤት ነው የሚችለው።»

«ባለቤት ካልቻለስ?» ይህቺ አትጠገብ ናት፣ የይመር ሚስት። ከተጋቡ ገና መንፈቅ አልሞላቸውም።

«ለዚሁ አይደል ዋስትናው የሚራዘም? ዛሬ፣ ሁሉ ነገር አዲስ ሳለ ትንሽ ትጨምራላችሁ፤ የነገውን...»

የነገውን ዝናቡ ዋጠው። ቀጥሎ የተሰማው ጥያቄው ብቻ ነበር። «እና፣ ይራዘም ወይስ ይቅር?»

«ይቅር» አለ አንድ ድምፅ።

ይመር ቀና ሲል አትጠገብ ነጠላዋን እያጣፋች፣ ጋሽ ኑርዬ ደረሰኝ እየቆረጡ ነበር። ደረሰኙ በሁለቱም ስም ተቆረጠ፤ እንዲያ ይሁንልን ያለችው እሷ ናት። ዕቃውን በኩታ ጠቅልለው፣ በአንድ ጃንጥላ ተጠልለው ወጡ። ያን «ይቅር» ከሁለቱ ማን እንዳለው የጠየቀ አልነበረም። ደስ ያለው ሰው ምን ብሎ ይጠይቃል?

ሥራቸው ፍርድ ቤቱ በር ላይ ማመልከቻ መጻፍ ነበር። እሱ ቃሉን ይሰጣል፣ እሷ ትቀበላለች፤ ጣቶቿ ቃሉ ከአፉ ሳይወጣ ነበር የሚደርሱበት። የሰው ጠብ ሲጽፉ ውለው እየተሳሳቁ ይገባሉ። በዚያ የመጀመሪያ ዓመት ማሽኑ ሲነኩት ይበራ ነበር። ሠሪው የቻለላቸውን ራሳቸው የቻሉት መሰላቸው።

በሁለተኛው ዓመት መሞቅ ጀመረ። ሲጠሩት ዘግይቶ ይሰማል። ሞላ ያሉት ቶሎ ያልቃል። ትንሽ ሥራ ሲበዛበት ውስጥ ውስጡን ያጉረመርማል። «ይለመዳል» ተባባሉ፤ ለመዱትም። አዘጋጋቸው ደግሞ ለየቅል ነበር። ይመር ሲዘጋ በኃይል ነው፤ ጎረቤት ሳይቀር ይሰማል። አትጠገብ ቀስ ብላ ነው የምትዘጋው፤ ከዘጋች ግን ቶሎ አትከፍትም። የሚታጠፍ ነገር መቼም የሚሰበረው የታጠፈበት ላይ ነውና ማጠፊያው ላላ። ሲላላም በፕላስተር አሰሩት እንጂ ለምን ላላ ያለ አልነበረም።

በአራተኛው ዓመት፣ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል፣ አንድ ጠዋት ገጹ ጠቆረ። አባበሉት፣ አራገቡት፣ አጥፍተው አበሩት፤ ፊቱን አልመለሰም። ወደ አስመጪው ወኪል ቢወስዱት፣ ወኪሉ ደረሰኙን አየት አድርጎ «ጊዜው አልፏል። ያኔ አራዝማችሁ ቢሆን ኖሮ» አላቸው።

ከወኪሉ ደጅ ወደ ፍርድ ቤቱ በር ተመለሱ። እዚያ ሲደርሱ፣ ባለጉዳዩ ሁሉ እየሰማ፣ ይመር ፈነዳ።

«ይቅር ያልሽው አንቺ ነሽ!»

«እኔ? በእመብርሃን! ይቅር የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም። ያልከው አንተ ነህ!»

«እኔ ይቅር አላልኩም! ወደፊትም አልል!»

ጎረቤታቸው ባለ ታይፑ አቶ ደምሌ ከወረቀታቸው ቀና ሳይሉ «ኧረ ሰዎች፣ ከሁለታችሁ አንድ እንኳ ይቅር ያለ ይጥፋ?» አሉ። ተራ የሚጠብቀው ሰው ሳቀ። ሁለቱ ግን አልሳቁም። አንድዬ ያሳያችሁ፣ ሁለቱም የማሉት እውነታቸውን ነበር።

በዚያው ሰሞን አትጠገብ ልብሷን ይዛ ሰኞ ገበያ ሰፈር ወንድሟ ቤት ገባች። ላፕቶፑ እንደጠቆረ አልጋ ሥር ተኛ። ይመር ማመልከቻውን በእጁ መጻፍ ጀመረ፤ ቃሉን የሚቀበለው ሰው ስለሌለ ዐረፍተ ነገሩ ይረዝምበት፣ ማሠሪያው ይጠፋበት ነበር። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ቆሞ ያስቀድሳል። የንስሐ አባቱ አንድ ጊዜ ሲወጡ አይተውት «ግባ እንጂ ልጄ» ቢሉት «አባቴ፣ ቅሬታ አለብኝ» አላቸው። «ቅሬታ ያልቀረ ነገር ነው» ብለውት አለፉ። ክረምቱ ሄደ፣ በጋው መጣ፤ ደግሞ ክረምት፣ ደግሞ በጋ።

ዘንድሮ፣ ፍርድ ቤቱ ለክረምት እንደተዘጋ፣ ወሬ ደረሰው። ጥቅምት ሲከፈት አትጠገብ የፍቺ ማመልከቻ ልታስገባ ነው። የጻፈችው ራሷ ናት አሉ፤ ቃሉን የሰጣት ሰው ሳይኖር።

ይመር ላፕቶፑን ከአልጋው ሥር አወጣ። አቧራውን ጠርጎ፣ ከደረሰኙ ጋር በዚያው በድሮው ኩታ ጠቀለለና ጋሽ ኑርዬ ሱቅ ሄደ። የሄደው ግን ለጥገና አልነበረም።

«ምስክር እንዲሆኑኝ ነው» አላቸው። «ጥፋቱ የማን እንደሆነ ይታወቅልኝ። ያን ቀን ይቅር ያለችው እሷ መሆኗን ይናገሩልኝ።»

ጋሽ ኑርዬ መነጽራቸውን አወለቁ። ጺማቸው ነጥቷል። «ወላሂ፣ ማን እንዳለው አላስታውስም። ዝናብ ነበር። ደግሞስ እዚህ ባንኮኒ ላይ ይቅር የማይል ማን አለ? ሲገዛ ሁሉም ይላል። ሲበላሽ የሚል ነው የጠፋው።»

ጋሽ ኑርዬ ኩታውን ፈተው፣ ላፕቶፑን ከሱቁ ስክሪን ጋር በገመድ አገናኙና አበሩት። አንድ አፍታ ዝም አለ። ከዚያ በተዋሰው ገጽ ላይ የራሱ ነገር ሁሉ ብቅ አለ፤ እሱ የሰጠው ቃል፣ እሷ የተቀበለችው፣ አንድም ሳይጎድል።

«ይኸው። ልቡ ደህና ነው» አሉ።

«ታዲያ ምን ሆኖ ነው?»

«ከልቡ ወደ ገጹ የምትሄድ ቀጭን ሽቦ አለች። በማጠፊያው ውስጥ ነው የምታልፈው። ስትዘጋጉ ስትዘጋጉ ቆረጣችኋት።»

«ስንዘጋጋ ነው ያሉት ወይስ ስንዘጋው?»

«ስትዘጉት» አሉ ጋሽ ኑርዬ ፈገግም ሳይሉ። «ምላሴ ነው፤ እርጅና።»

ይመር በርጩማው ላይ ተቀመጠ። «ይህን ሁሉ ዘመን እንዲያ ጠቁሮ የከረመው በአንዲት ሽቦ ነው?»

«በአንዲት ሽቦ ነው።»

«ያኔውኑ ይዘነው መጥተን ቢሆንስ?»

«አብሽር፣ ያኔን ተወው። ያኔ የሚጠገን ዕቃ አይደለም። ይሄኛው ይጠገናል።»

«እንግዲያው ይጠግኑት።»

«አይ!» ደረሰኙን ከኩታው እጥፋት አንሥተው አሳዩት። «በሁለት ስም ነው። አንዱ ብቻውን ቢያመጣው አልነካውም። ባለቤቱ ትምጣ።»

ሰኞ ገበያ ወዳለው ግቢ እግሩ እስኪደርስ ይመር ብዙ የተዋበ ነገር አሰናድቶ ነበር። አትጠገብ በሩን ስትከፍትለት ሁሉም ጠፋበት።

«ጋሽ ኑርዬ፣ ባለቤቱ ካልመጣ አልነካም ብለዋል» አላት።

«ባለቤቱ ማነው?»

«እሱን ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት።»

ፊቱን አየችው። «ጠቁረሃል» አለችው። በሩን አልዘጋችውም፤ እንደተከፈተ ትታው ነጠላዋን ልታመጣ ገባች።

ጋሽ ኑርዬ ሽቦውን እስኪቀጥሉ ሁለቱ በርጩማ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ደጁ የመስከረም ፀሐይ ነው፤ ቆርቆሮው ላይ አንዲት ጠብታ እንኳ የለችም። ይመር ሰርቆ አያት። ከጆሮዋ በላይ ሽበት ወጥቷል። ያ ሽበት ሲወጣ እሱ አልነበረም። የመጀመሪያዋን ዘለላ አይቶ ሊያሾፍባት፣ እሷም ልትቆጣው፣ ያ ሁሉ አልፎታል፤ የሚመልሰው ጥገና የለም።

ገጹ በራ። ከላይ እስከ ታች ግን አንዲት ጥቁር መስመር ነበረችበት።

«እሷ ቀርታለች» አሉ ጋሽ ኑርዬ። «አትጠፋም። ዐይን ይለምዳታል እንጂ።»

«አያድርገውና ዳግመኛ ቢጠቁርስ?» አለች አትጠገብ።

«ይጠቁራል! የማይጠቁር አልሸጥኩላችሁም። ለዚሁ ነው ያኔ የጠየቅኋችሁ።» ብዕራቸውን ከደረት ኪሳቸው አወጡ። «አሁንም ልጠይቅ። ዛሬ ዝናብ የለም፤ ማን እንዳለ እሰማለሁ። ይራዘም ወይስ ይቅር?»

ይመር ወደ ባንኮኒው አልተመለከተም። ወደ እሷ ዞረ። አልልም ብሎ በሕዝብ ፊት የማለባትን ያቺን አጭር ቃል ከአፉ አወጣት።

«ይቅር» አላት።

አትጠገብ ጣቶቿን ነጠላዋ ውስጥ አቆላለፈች። ዐይኗ ጥቁሯ መስመር ላይ ነበር። ጋሽ ኑርዬ ብዕራቸውን ከወረቀቱ በላይ እንዳንጠለጠሉ ጠበቁ።

«እሺ» አለች በመጨረሻ። «ይቅር» አለችው።

ጋሽ ኑርዬ ሁለቱንም በደንብ ሰሟቸው። ደረሰኙን በሁለቱም ስም ቆረጡና ከሥሩ «ተራዝሟል» ብለው ጻፉበት።