ቆርቆሮ ውስጥ የሚያድር ቁልፍ

ቁልፍ ሳይሰኩባት የምትነሳ መኪና የገዛ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ አንዱን ወልጃለሁ። ልጄ ሰይድ ከደሴ መካነ ሰላም ሲመጣ፣ ጉልበቴን ከመሳሙ በፊት የመኪናውን በር ነው የሚነካካው። "እማ፣ የዛሬ ሌባ ውጭ ቆሞ ቤት ያለው ቁልፍ የሚልከውን ምልክት በመሣሪያ ይጠልፋል፤ ቁልፉ ብረት ውስጥ ማደር አለበት" ብሎ የመርፌዬንና የክሬን ቆርቆሮ ወረሰኝ። ክሬ ሜዳ አደረ፤ ቁልፉ እንደ ሙሽራ ተሸፍኖ አደረ። ጉድ አይደለም?

ጧት ወረኢሉ ሊሄድ ተነሳ። እዚያ ያለች እህቴን ካየኋት ስንት ጊዜዬ! "ውሰደኝ" ብለው፣ "መንገዱ ያደክምሻል" አለኝ። እሺ። ቁልፉን ከቆርቆሮው አውጥቼ መቀነቴ ላይ ቋጠርሁና "እስከ ገበያው እንኳ አድርሰኝ" ብዬ ገባሁ። እንዲህ ያለ ሰው ስለ ቁልፉ የሚጨነቀው ማታ ብቻ ነው፤ ቀን ቀን ቁልፉ መኪናዋ ውስጥ እስካለ አዝራር ተጭኖ መሄድ ነው። ሞተሩን ሳያጠፋ ገበያው ጋ አወረደኝ። መኪናዋ ቁልፉ ወረደ ብላ ጢጥ ጢጥ ብትል በገበያው ጫጫታ ማን ሰምቷት!

ከከተማው ወጥቶ ጎማ ሊያይ ሞተሩን አጠፋ። በቃ፣ አልነሳም አለች። ደወለልኝ።

"እማ! ቁልፉ ተሰረቀ!"

"ወላሂ አልተሰረቀም፤ መቀነቴ ውስጥ ነው። ባጃጅ ላክልኝ።"

አዲሱን ሻሼን አስሬ ደረስሁለት። ገና ከመውረዴ ባጃጁን አሰናበትሁት። ምን ያድርግ? ይዞኝ ወረኢሉ ገሠገሠ።

"ለሌባ ያላበጀሁት መላ አልነበረም" አለኝ እየሳቀ።

"ለእናትህ የሚሆን ቆርቆሮ ግን ገና አልተሠራም" አልሁት።