የኔታ ሲሰሙ

ሰው አርባ ካለፈው በኋላ ተማሪ መሆን ጥሩ አይደለም። እኔን አታየኝም? ፍኖተ ሰላም ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ዘንድሮ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ቡሬ እየሄድኩ ስለ መስማትና መግባባት የሚሰጥ ተከታታይ ትምህርት ስማር ከረምኩ። የምታስተምረን ከዩኒቨርሲቲ የመጣች የጆሮ ሐኪም ናት።

አንድ ቀን ጆሮው የማይሰማን ሰው ምልክቶች ነገረችን። ጮክ ብሎ ያወራል፣ የተባለው ሳይገባው ራሱን ይነቀንቃል፣ ሰው ሁሉ ያጉረመርማል ብሎ ያማርራል። ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሁሉ መመርመር ሆነ ሥራዬ። ርዕሰ መምህራችን ለምሳሌ የዝውውር ጥያቄዬን ሁለት ዓመት ሙሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ አዳምጠውኛል። ይኸው እስካሁን እዚያው ነኝ። በምልክቱ ከሄድን ሕክምና ያስፈልጋቸዋል።

ቀልዴ አጎቴ ጋ ስደርስ ቆመ። አጎቴ ማንኩሳ ከተማ የቤተ ክርስቲያን ዜማ መምህር ናቸው፤ ተማሪዎቻቸውም እኛ ዘመዶቻቸውም የኔታ ነው የምንላቸው። ልጠይቃቸው ብሄድ፣ የዘንድሮ ተማሪ ድምፁ ሳስቷል፣ ምን እንደሚበላ እንጃ አሉኝ። ይህን ሲሉ ከመንገድ ማዶ ያለ ሰው ዞሮ አየን።

ለብቻቸው ወሰድ አድርጌ ስለ ጆሯቸው ጠየቅኳቸው።  ሦስት ዓመት ሆነኝ አሉ። ተማሪውን የሚያርሙት አፉንና የመቋሚያውን አነሳስ እያዩ ኖሯል። ጆሮ የሌለው የዜማ መምህር ወንበሩን መልቀቅ አለበት፣ ከለቀቅሁ ደግሞ ምን ሆኜ ልኖር ነው? አሉኝ። የኔታ ሲፈሩ አይቼ አላውቅም ነበር። አንጀቴን በሉት።

ቡሬ ወሰድኳቸው። ዶክተሯ ማዳመጫ አጥልቃላቸው፣ ድምፅ ሲሰሙ እጅዎን ያንሱ ብላ ጮክ ብላ ነገረቻቸው። ድምፁ ይመጣል፣ የኔታ እጃቸውን አያነሱም። ጭራሽ አይሰሙም ብላ ልትጽፍ ስትል፣ ለካ እሳቸው እስኪያልቅ እየጠበቁ ነው። በዜማ መሃል እጅ ማንሳት ነውር ነው አሉ። ቀጥለውም፣ ለመሆኑ ይኼ ዜማ ግዕዝ ነው፣ ዕዝል ነው ወይስ አራራይ? ብለው ጠየቋት። እሷም ምርመራውን እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች።

ከሳምንታት በኋላ በባትሪ የሚሠራ የመስሚያ መሣሪያ በልካቸው አስተካክላ አደረገችላቸው። የኔታ ግቢው ውስጥ የወፍ ድምፅ ሰምተው አለቀሱ። ምን ልደብቅህ፣ እኔም አለቀስኩ።

እንግዲህ ወንበራቸው ተረፈ ብዬ ኮራሁ። በሌላ ጊዜ ማንኩሳ ስሄድ ግን ተማሪዎቹ ሰላምታዬን ቀዝቀዝ አድርገው ተቀበሉኝ። ነገሩ ምንድን ነው ብዬ ባጣራ፣ የኔታ እንደማይሰሙ ሁሉም ያውቁ ኖሯል። ስለሚወዷቸው ለማንም ትንፍሽ አላሉም፣ ሸፍነዋቸው ኖሩ። ይህ መልካም ነው። ግን በዚያው ከባድ ከባዱን ዜማ እየዘለሉ፣ አፋቸውንና መቋሚያቸውን ብቻ አሳምረው እያንቀሳቀሱ ሦስት ዓመት አለፉ። የኔታ መሣሪያውን አድርገው አንድ ጠዋት ሰሟቸውና ሁሉንም ወደ መጀመሪያው ገጽ መለሷቸው።

ከተማሪዎቹ ሁሉ የባሰበት ዲያቆን ይበልጣል የሚባለው ነው። የዐቢይ ጾሙን ዜማ፣ ጾመ ድጓውን ጨረሰ ተብሎ፣ ግሽ ዓባይ አካባቢ አንድ ደብር በአገልጋይነት እየጠበቀው ነበር።

ስመለስ እስከ አስፋልቱ የሸኘኝም እሱ ነው። አልተቆጣም፣ ጨዋ ሰው ነው። የኔታን ስላሳከሙልን እግዜር ይስጥልን፣ ዕድሜ ይስጥዎ ብሎ መረቀኝ። ትንሽ ሄድ እንዳልን ወደ ዜማ ቤቱ ዞር ብሎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ጋሼ፣ ባትሪው ስንት ቀን ነው የሚቆየው?»