እትዬ በለጠች ያማሰሉት ከርቤ

ሐኪም የሌለው ከተማ ሞልቷል፤ እትዬ በለጠች የሌሉበት ከተማ ግን የለም። ስማቸው ይለያይ እንደሆነ ነው እንጂ በየሰፈሩ አንድ አሉ። ጎረቤት ሲያስል ከግድግዳ ማዶ ሰምተው፣ ታማሚው ራሱ ገና ሳያውቀው በሽታውን ለይተው፣ መድኃኒቱን ይዘው በር ላይ ይቆማሉ። የደባርቋን ክብርት እትዬ በለጠችን፣ የዕጣንና የከርቤዋን ሊቀ ሊቃውንት፣ ያልተሾሙትን የጤና ሚኒስትር ግን ከጤና ረዳቱ ከሥራዬ የበለጠ የሚያውቃቸው አልነበረም። ቤታቸው ከጤና ጣቢያው ጋር በአጥር የተያያዘ በመሆኑ፣ በሽተኛ ሁሉ ወደ እሱ የሚደርሰው በእሳቸው በኩል አልፎ ነው።

ሥራዬ ደባርቅ ከተመደበ ጊዜ ጀምሮ መደንገጥ ዋና ሥራው ሆነ። ገና በመጣበት ሳምንት አንዲት ጥርሷን ያመማት ሴት ገባች። አፏን አስከፍቶ ቢያይ የተቦረቦረው ጥርስ ውስጥ አንድ ድቡልቡል ከርቤ ተጠቅጥቋል።

«ይህን ማን ከተተው?»

«እትዬ በለጠች ናቸው። ሕመሙማ ተወኝ። አንተ ጋ የመጣሁት አዲስ ሰው ነህና እንዳትቀየም ብዬ ነው።»

ሌላ ቀን ደግሞ ከጨነቅ ተራራ ጭነት የሚያመላልሰው ደምለው በቅሎውን እየጎተተ ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ ገባ። በቅሎዋ ስታስል እትዬ በለጠች ከርቤ በጥብጠው ግተዋት ኖሯል። ሳሉ ጠፍቶ እንደሆነ ሥራዬ በማዳመጫው እንዲያረጋግጥላቸው ነበር የላኩት። ሥራዬ ለመቆጣት አፉን ከፈተ፤ በቅሎዋ ግን እውነትም አላሳለችም።

ለእሳቸው ሰውና ከብት፣ ገበሬና ባለሥልጣን ልዩነት የለውም። በቀበሌ ስብሰባ ሊቀ መንበሩ ጓድ ባዘዘው ስለ ኢምፔሪያሊዝም ሲያስረዱ ውለው «አስተያየት ያለው?» ሲሉ፣ እጃቸውን ያወጡት እትዬ በለጠች ብቻ ነበሩ። ተነሥተው የሊቀ መንበሩ ድምፅ መዝጋቱን፣ ዕጣን ቢያኝኩ እንደሚከፈትላቸው አስረዱ። ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተውም ሰጧቸው። ጓድ ባዘዘው የቀረውን ንግግር ዕጣን እያኘኩ ጨረሱ። ሥራዬ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስ ባለው፤ ተሰብሳቢው ግን ያን ቀን ብቻ ነው ንግግሩ የተሰማው።

ምንም ንገሯቸው፣ ሚስት መኮብለሏን ሳይቀር፣ መልሳቸው አንድ ነው፤ «ከርቤስ ሞክረኸዋል?»

ከአዲስ አበባ ዶክተር ሀብተ ሚካኤል የሚባሉ ተመራማሪ የመጡት በዚህ መሐል ነው። የመጡበትን ጉዳይ ሲነግሩት ሥራዬ የያዘውን መቀስ ጣለ። ሰውየው ሊያጠኑ የመጡት የዕጣንና የከርቤ ቅባት የሰነበተ የእግር ቁስል ያድን እንደሆነ ነው። መንግሥት ራሱ ከእትዬ በለጠች ጋር የተስማማ መሰለው።

ጥናቱ እንዲህ ነበር። ለግማሾቹ ቁስለኞች ቀይ ክዳን ያለው ቆርቆሮ፣ ለግማሾቹ ሰማያዊ ክዳን ያለው ይሰጣል። በአንደኛው ውስጥ ዕጣንና ከርቤ አለበት፤ በሌላኛው ተራ ቅባት ብቻ ነው። የትኛው የትኛው እንደሆነ ከዶክተሩ በቀር የሚያውቅ የለም። ሽታው እንዳያሳብቅ ተራውን ቅባትም በዕጣንና በከርቤ ጢስ አጥነውታል። የሁሉም ቁስል እኩል በጨው ውኃ ይታጠባል፣ በንጹሕ ፋሻ ይታሰራል። አንደኛው ወገን ከሌላው ቀድሞ ከዳነ ቅባቱ ሠርቷል፤ ሁለቱም እኩል ከዳኑ ግን አልሠራም ማለት ነው።

«ሥራዬ፣ ይህን ሥራ በንጽሕና ከያዝክልኝ ጎንደር ለነርስነት ትምህርት ስምህን የማቀርበው እኔ ነኝ» አሉት።

ሥራዬ በየዓመቱ አመልክቶ በየዓመቱ የሌላ ሰው ስም ሲነበብ የሚሰማ ሰው ነው። ያንን ክረምት ቆርቆሮዎቹን እንደ ዓይኑ ብሌን ጠበቃቸው። በየገበያው ቀን ቁስለኞቹ፣ ባለ በቅሎው ደምለው ጭምር፣ ሲመጡ ቀዩን ለቀይ፣ ሰማያዊውን ለሰማያዊ እያደለ፣ «ከእጃችሁ እንዳይወጣ» እያለ ይሸኛቸዋል። እነሱም «እሺ» ይላሉ። ቁስላቸው እየደረቀ ሲመጣ ማየቱ ደስ አሰኘው።

ዝናቡ ሲያባራ ዶክተሩ ተመለሱ። ጓድ ባዘዘውም በቦታው ተገኙ። ዶክተሩ ግቢው ውስጥ አንድ በአንድ እግር እያስገለጡ ቁስሉን ለኩ። ሲጨርሱ መነጽራቸውን አውልቀው አበሱ።

«እኩል ነው» አሉ በመጨረሻ። «ቀዩም ሰማያዊውም እኩል ነው የዳነው። የጨው ውኃውና ፋሻው ነው የረዳቸው፤ ዕጣኑና ከርቤው ምንም አልጨመረም። እኔ ሌላ ነገር ጠብቄ ነበር።» ከዚያ ወደ ሥራዬ ዞር ብለው፣ «አንተ ግን ሥራህን አሳምረሃል። ስምህን ዛሬ ይዤ እሄዳለሁ» አሉት።

ሥራዬ ሻይ ሊያመጣ ወደ ጓሮ ሲዞር እግሩ መሬት የረገጠ አልመሰለውም። እትዬ በለጠች በአጥሩ ቀዳዳ እያዩ ነበር።

«ሰውየው ከርቤ አልሠራም ነው የሚለው?»

«ምን ይደረግ እትዬ፣ ሳይንስ ነው» አለ ሥራዬ። ትንሽ ደስ ብሎታል።

«ሁሉም ድነው የለም እንዴ?»

«ባዶውን የተቀቡትም እኩል ዳኑ እኮ።»

«ባዶውን የተቀባ ማን አለ?» አሉት። «ሰማያዊው ባዶ መሆኑን ገና የመጀመሪያው ቀን በምላሴ አውቄዋለሁ፤ ሽታው አለ፣ ምሬቱ የለም። ታዲያ ግማሹ መድኃኒት ይዞ ግማሹ ጢስ ይዞ ሲሄድ ቆሜ ልይ? ተዚህ ሲወጡ እኔ ቤት ይገባሉ፤ ሁሉንም ገበቴ ላይ ገልብጨ፣ አማስየ፣ እኩል አድላቸዋለሁ። የማኅበር ዳቦ እንኳ ሲቆረስ ሰው አይታለፍም፤ እንኳን መድኃኒት።»

ሥራዬ ክው ብሎ ቀረ። ክረምቱን ሙሉ የጠበቃቸው ቆርቆሮዎች ከአጥሩ ማዶ አንድ ወጥ ሆነው ኖረዋል።

«እትዬ፣ እርስዎ እኩል ስላደሉት እኮ ነው እኩል የዳኑት። ለዚህ ነው አልሠራም የሚሉት።»

እትዬ በለጠች ነገሩ ሲገባቸው ፊታቸው ዐመድ መሰለ።

«እንግዲያው ከርቤን ያሰደብኩት እኔ ነኛ» አሉ ቀስ ብለው። አጥሩን ያዝ አድርገው፣ «አንተ ዝም በል። ስምህን ይዞልህ ይሂድ። ከርቤ ስንት ዘመን ኖሯል፤ አንድ ስድብ አይገድለውም» አሉት።

ሥራዬ የሻይ ማንቆርቆሪያውን ይዞ ተመለሰ። ዝም ሊል ቆርጦ ነበር። ዶክተሩ ወረቀታቸውን ሲያጥፉ ግን ለዓመታት ሲመግል የኖረው የደምለው እግር ደርቆ ታየው። ይህ ወረቀት አዲስ አበባ ከገባ ሁለተኛ የሚሞክረው አይኖርም። ጎንደር ሄዶ ነርስ ሆኖ ይህን እያወቀ እንዴት እንደሚኖር ሊገባው አልቻለም።

«ዶክተር፣ ቅባቱ ተቀላቅሏል። የተቀቡት ሁሉም ከርቤ ያለበትን ነው።»

ከዶክተሩ በፊት የተናገሩት ጓድ ባዘዘው ናቸው።

«ማነው የቀላቀለው? ይህ የመንግሥት ጥናት ነው። ይህ አሻጥር ነው።»

ያን ጊዜ «አሻጥር» ቀላል ቃል አልነበረም፤ ያረፈበት ሰው ታስሮ የት እንደገባ የማይጠየቅበት ዘመን ነው።

«እኔ ነኝ» አለ ሥራዬ።

«እሱ ምኑን ያውቅበታል» የሚል ድምፅ ከአጥሩ በኩል መጣ። እትዬ በለጠች ገበቴያቸውን በብብታቸው ይዘው እየገቡ ነው። «እንዲህ ያለ ማማሰል የእሱ እጅ ይመስላል? አንድ ጓል እንኳ የለበትም። ሰማያዊው ምሬት ስለሌለው እኔ ነኝ ያማሰልኩት፤ ገበቴውም ይኸውና። ልጁ እስተ ዛሬ አያውቅም።»

ሥራዬ ዓይኑን ጨፈነ። ቁስለኞቹ ሁሉ መሬት መሬት ያያሉ።

«እንግዲያው ጉዳዩ ለአብዮት ጥበቃ ይቀርባል» አሉ ጓድ ባዘዘው።

«ይቅረብ» አሉ እትዬ በለጠች። «ያንተስ እግር እንዴት ዋለ?»

ሰው ሁሉ ወደ ሊቀ መንበሩ እግር ዞረ። ጓድ ባዘዘው በጥናቱ ከተመዘገቡት ቁስለኞች ውስጥ አልነበሩም።

«ገበቴው ላይ ሲተርፍ እሰጠው ነበር» ብለው እትዬ በለጠች ለዶክተሩ አስረዱ። «ሊቀ መንበርም ቢሆን እግር አለው።»

ጓድ ባዘዘው እግራቸው እንዳይታይ የሱሪያቸውን ጫፍ ወደ ታች ሳብ ሳብ አደረጉ። ጥቂት አስበው፣ ነገሩ የሕክምና ጉዳይ ስለሆነ ሐኪሞቹ ቢጨርሱት እንደሚሻል ተናግረው ወጡ።

ዶክተር ሀብተ ሚካኤል አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። «ቀምሰውት ነው የለዩት?»

«ሳልቀምስ ለሰው ልሰጥ ኖሯል?»

ዶክተሩ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ሥራዬ የሚያለቅሱ መስሎት ደነገጠ፤ ኋላ ሲገልጡት እንባ እስኪወጣቸው እየሳቁ ነበር። ሳቁ ሲያልፍላቸው ግን ወረቀቱን ቀደዱት። ጥናቱ እንደገና ይጀመራል አሉ፤ ደባርቅ ሳይሆን ዳባት ላይ።

«ሥራዬ፣ ስላልዋሸኸኝ አመሰግንሃለሁ። ግን ሥራውን በንጽሕና ይዟል ብዬ ልፈርም አልችልም። ይገባሃል?»

«ይገባኛል ዶክተር።»

የዶክተሩ መኪና ወደ ጎንደር ነጎደች። ቁስለኞቹም አንድ በአንድ ሹልክ ሹልክ እያሉ ወጡ። ሥራዬ የጤና ጣቢያው ደረጃ ላይ ቁጭ አለ። እትዬ በለጠች መጥተው አጠገቡ ተቀመጡ።

«ዝም በል ብየህ ነበር።»

«ብለውኛል።»

«ከርሞ ትሄዳለህ። እስተዚያ እኔ ዘንድ ጀምር፤ ጎንደር ተሚያስተምሩህ ግማሹን አውቀዋለሁ።»

ያን ቀን ሥራዬን ያላስደነገጠው ነገር የለም። ከሁሉ ይበልጥ ያስደነገጠው ግን፣ ጎንደር ቀርቶበት፣ አጠገቡ ያሉትን ሴት ሲያይ ልቡ ደስ ማለቱ ነው። እኒህን ሰው አጥር ማዶ ትቼ ብሄድ ኖሮ ምንኛ ይናፍቁኝ ነበር ብሎ አሰበ። ሊነግራቸውም ዞር አለ፤ ከዚያ ልቡን አሞታል ብለው ከርቤ እንዳያጎርሱት ፈርቶ ተወው።