ስለ አንድ ጠርሙስ አኩሪ አያያዝ

በንብረት አያያዝ ረገድ ለትውልድ የሚተርፍ ተግባር ሲፈጸም አይቶ ዝም ማለት ነውር ነው። ስለዚህ መካነ ሰላም አካባቢ ያለ፣ ስሙን በትሕትና የማልጠራው አንድ ጤና ተቋማችን ያስመዘገበውን ውጤት ላውጋችሁ።

ለማጅራት ገትር ምርመራ ከሕመምተኛ ወገብ በመርፌ በሚቀዳው ውሃ ውስጥ ያሉት ሴሎች ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረባቸውም። ቶሎ ካልታዩ ይፈርሳሉ። እነሱን የሚመረምረው ላቦራቶሪ ደግሞ ደሴ ነው፤ አውቶብሱም መንገደኛ ሳይሞላ ንቅንቅ አይልም። ደግነቱ፣ ጥቂት ጠብታ ሲጨመርበት ሴሎቹን ሳይፈርሱ የሚያቆይ ፈሳሽ አንድ ጠርሙስ በእርዳታ መጣልን። ኃላፊያችን አቶ ኪዳነማርያም ወዲያው "ማቆያው ራሱ መቆየት አለበት" የሚል አቅጣጫ አስቀመጡና ባለመስተዋት ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፉበት። ጎብኚ ሲመጣ ይከፈታል። ቁም ሳጥኑ ማለቴ ነው እንጂ ጠርሙሱስ ማን ደፍሮት።

ታዲያ አንድ ቀን ሀጀራ የምትባል አዲስ ሙሽራ አንገቷ አልታጠፍ ብሎ፣ ትኩሳቱ እያቃዣት መጣች። ምናለ የሚባለው ሐኪማችን ማጅራት ገትር ይሆናል ብሎ ሰጋ። ከወገቧ ቀድቶ ወደ ደሴ ከመላኩ በፊት ከጠርሙሱ ጠብታ እንዲሰጡት ለመነ። ከተከፈተ እንደሚያልቅ በጨዋ ደንብ ተነገረው። ውሃው ጠብታ ሳይጨመርበት እንዲሁ ተሳፈረ። ደሴዎችም ሴሎቹ ፈርሰው ነው የደረሱን፣ እንደገና ቀድታችሁ ላኩ አሉ።

ባሏ ሁዜይፋ ይህን ሲሰማ አንጀቱ አረረ። አልዋሽም፣ እኔም አርሬያለሁ። ሰተት ብሎ ኃላፊው ቢሮ ገባ።

"ጋሼ፣ ጠርሙሱ ከሚከፈት የሷ ወገብ ሁለቴ ቢወጋ ይሻላል ነው የሚሉኝ?"

"ወገብማ ይድናል ልጄ" አሉት በአባትነት። "ጠርሙስ ግን አንዴ ከተከፈተ ተከፈተ ነው።"

ሐኪሙ ምናለ ግን የደሴን መልስ ሳይጠብቅ መድኃኒቱን ጀምሮላት ኖሯል። ሀጀራ ተረፈች፤ እፎይ አልን።

የምትወጣ ዕለት አቶ ኪዳነማርያም ሠራተኛውን ቁም ሳጥኑ ፊት ሰብስበው፣ አንዲት ጠብታ ሳይባክን ሕይወት ማትረፍ እንደሚቻል በተግባር መረጋገጡን አበሰሩ። አጨበጨብን፤ ምን እናድርግ?

ሀጀራ ወገቧን ይዛ ጠርሙሱን በመስተዋቱ አየችው።

"እኔንስ አላህ አወጣኝ ጋሼ" አለች። "ይሄንንም ምስኪን ያውጣው።"

አቶ ኪዳነማርያም አሜን አሉና ሁለተኛ ጓጉንቸር እንዲገዛ አዘዙ።