አርባ አንድ በመቶ በአቶ ላቮን ቆጠራ

ማንም ሳይጠይቀው የሚቆጥር ሰው የሌለበት ሰፈር እስካሁን አላየሁም። አንዱ የጎረቤቱን እንግዳ ይቆጥራል፤ ሌላው ሰባኪው በአንድ ስብከት ስንት ጊዜ እንዳሳለ ይቆጥራል። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚል ፍጥረት ነው። የእኛ ሰፈር ግን ከሁሉ የላቁትን ይዟል፤ የተጎታች ቤት አምራቾችን የገበያ ድርሻ ከገዛ ደጃቸው ሆነው የሚቆጥሩትን ክቡር አቶ ላቮን ሽሮክን።

እዚህ ኢንዲያና፣ ኤልክሃርት አውራጃ ውስጥ፣ ከበቆሎ ቀጥሎ በብዛት የሚወጣው ተጎታች ቤት ነው። አልጋው፣ ምድጃው፣ ሽንት ቤቱ ሁሉ በውስጡ ያለ፣ በፒክአፕ እየጎተቱ ሐይቅ ዳር የሚያቆሙት ቤት። ወንድም ከአንዱ ፋብሪካ ይውላል፣ ወንድሙ ከተቀናቃኙ፤ እሑድ አንድ አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ። እኔ ኮሪን እባላለሁ፤ ተሠርቶ ያለቀውን ከፋብሪካ ወደ ሻጭ የምጎትት ሾፌር ነኝ።

አቶ ላቮን ዊሎውቤንድ የሚባለውን ተጎታች ቤት ግድግዳ ሲያቆሙ ሠላሳ አራት ዓመት ኖረው ጡረታ ወጡ። የወጣው እጃቸው ብቻ ነው። ጠዋት ጠዋት ከቤታቸው ፊት ሣሩ ላይ ወንበር ዘርግተው፣ ደብተር ጭናቸው ላይ አድርገው፣ በአውራጃው መንገድ አሥራ ስድስት የሚያልፈውን ይመዘግባሉ። ለዊሎውቤንድ አንድ ረድፍ፣ ለዋናው ተፎካካሪ ለኮፐርላይን አንድ ረድፍ፣ ለተቀረው ዓለም ደግሞ «ሌሎች» የሚል አንድ ጠባብ ረድፍ። በእምነታቸው መኪና የማይነዱት የአሚሾች ጋሪ ሲያልፍ ባርኔጣቸውን ያነሣሉ እንጂ አይጽፉም። «ፈረስ ድርሻ የለውም» ይላሉ።

የገዛ አጎታቸው ቀብር ላይ፣ ሰባኪው ዓይኑን ጨፍኖ ሲጸልይ፣ ከአጥሩ ማዶ አንድ ኮፐርላይን አለፈ። አቶ ላቮን አንገታቸውን እንደደፉ አንድ ጣት አጠፉ። በድምፁ ነው የለዩት። ባለቤታቸው ወይዘሮ ኤርማ በክርናቸው ጎሸሟቸው።

«ምን አደረግሁ?» አሉ በሹክሹክታ። «ሟቹም ቢሆን ማወቁን አይጠላም ነበር።»

ሐይቅ ዳር የማያውቁት ቤተሰብ ሽርሽር ወጥቶ ምሳ ሲበላ ካዩ፣ ሄደው የተጎታች ቤቱን ግድግዳ በጣታቸው ኳ ኳ ያደርጉና «አዝናለሁ» ይላሉ። ሰውየው ደንግጦ «ለምኑ?» ሲል፣ «ኮፐርላይን ነዋ!»

ቤተ ክርስቲያን ምሳ ላይ ከአዮዋ ግዛት የመጣ አንድ እንግዳ፣ ድንቹ ላይ ኑድሉን እየደፋ፣ የዊሎውቤንድ ገበያ ወርዷል የሚል ጋዜጣ ላይ ማንበቡን አነሣ። ምስኪን፣ የት እንደተቀመጠ አላወቀም። አቶ ላቮን ሹካቸውን አስቀመጡ። «ጋዜጣ ይዋሻል፤ መንገድ አይዋሽም» አሉት። ከዚያም ከአምስት ዓመት በፊት ከነበረው ሚያዝያ ጀምረው አስረዱት። ጣፋጩ ፓይ ቀርቦ፣ ፓይ ተነሥቶ፣ ሰውየው ገና የሦስተኛው ዓመት መስከረም ላይ ነበር።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው ያሰለቻል አትሉም? ያሰለቻል። ግን አንድ ቀን እኔ ዊሎውቤንድ እየጎተትኩ በደጃቸው ሳልፍ ከወንበራቸው ዘለው ተነሥተው መንገዱ መሃል ቆሙብኝ። «አንቺ! የግራው ኩሽኔታ ይሸታል!» አሉኝ። ወርጄ ሳይ ጎማው ሊቃጠል ምንም አልቀረው። በዚያ ሁኔታ አውራ ጎዳና ላይ ብወጣ ኖሮ ዛሬ ይህን የሚጽፈው ሌላ ሰው ነበር። ለእኔ ብቻ አይደለም ይህን ያደረጉት፤ መብራቱ የጠፋበት፣ ሰንሰለቱ የላላበት፣ ሚስቱ ጥላው የሄደችበት የዊሎውቤንድ ሾፌር ሁሉ እዚያ ሣር ላይ ቆሞ ያውቃል።

ነገሩ የከረረው ባለፈው ነሐሴ ነው። ዊሎውቤንድም ኮፐርላይንም፣ ሰዉ እንዲህ የሚጣላላቸው፣ የአንድ ኩባንያ ንብረት ናቸው፤ ጎን ለጎን ባሉ ሁለት አዳራሾች ይሠራሉ። ኩባንያው ከሁለቱ አንዱን ሊዘጋ እንዳሰበ ተናገረ። በእሱ አኀዝ የዊሎውቤንድ ድርሻ ከመቶ ዘጠኝ ነው። አዳራሹ ውስጥ መቶ አርባ ሰው ይሠራል፤ ካቢኔ የምትገጥመው የአቶ ላቮን ልጅ ማርሊስም አለችበት። ሐሙስ በእሳት አደጋ ጣቢያው ስብሰባ ይደረጋል፣ ያገሩ ሰው ይናገራል ተባለ።

«ዘጠኝ?» አሉ አቶ ላቮን፤ ደብተራቸውን እንደ መጽሐፍ ቅዱስ ከፍ አድርገው። «አርባ አንድ! ያለፈውን ሦስት ዓመት በእጄ ጽፌዋለሁ! ሐሙስ ፊታቸው ላይ አነበዋለሁ።»

እዚህ ላይ ኃጢአታችንን ልናዘዝ። ከሦስት ዓመት በፊት አዲስ አቋራጭ ተከፍቷል። ከፋብሪካዎቹ በቀጥታ አውራ ጎዳናው ላይ ይጥላል። አብዛኞቹ የኮፐርላይን ሾፌሮች የሚሄዱት በዚያ ነው፤ አእምሮ ያለው ሰው ሁሉ የሚሄደው በዚያ ነው። ሁላችንም ሳንቀር በመንገድ አሥራ ስድስት የምናልፈው እኛ የዊሎውቤንዶቹ ብቻ ነን፤ ከሌላው ከሰባት አንዱ ቢያልፍ ነው። በእያንዳንዱ ጉዞ ሰባት ማይል እንጨምራለን። የምንጨምረውም አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አንሥተው በስማችን እንዲጠሩን ነው። ማንም ተስማምቶ የጀመረው ነገር አይደለም። ስለ አቋራጩ ሲነገራቸው «ማን ይሄድበታል? እኔ ቁጭ ብዬ የማየው ሌላ ነው?» ይሉ ነበር፤ እኛም ምላሳችንን ዋጥን።

አሁን ግን ያንን ደብተር ይዘው የኩባንያው ሹማምንት ፊት ሊቆሙ ነው። ይስቁባቸዋል። ልጃቸው እዚያ ተቀምጣ ታያለች። ረቡዕ ከሥራ ስወጣ ፒክአፔን ደጃቸው አቆምኩና ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ስንት ማይል ነው የምትዞሪው?» አሉ።

«ሰባት።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ።»

«ያ የሥራ ጓደኛሽ ዱዌይንም?»

«እሱማ ዕረፍት ቀኑ ላይ ባዶ ፒክአፑን እየነዳ መጥቶ ያውቃል።»

አቶ ላቮን ደብተሩን ከደኑት። «አርባ አንዱ ታዲያ የምን አርባ አንድ ነው?» አሉ። ወይዘሮ ኤርማ በመስኮት «ኮሪን፣ ግቢ እራት ብዪ» አሉኝ፤ እሳቸው ግን «ትሂድ፣ መሽቷል» አሉ። ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም ነበር።

ሐሙስ ዕለት መጡ። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰዋል፣ ደብተሩንም ይዘዋል። ተራቸው ሲደርስ እኛ ሾፌሮቹ ሁላችንም ጫማችንን ማየት ጀመርን።

«አንድ አኀዝ ይዤ መጥቼ ነበር» አሉ። «ስህተት ነው። የቆጠርኩት ከማይሆን መንገድ ላይ ሆኜ ነው። ዘጠኝ ካላችሁ፣ ዘጠኝ ነው።» በሰባ ሦስት ዓመት ዕድሜያቸው ተሳሳትኩ ሲሉ ወይዘሮ ኤርማ እንኳ ሰምተው አያውቁም፤ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ሊቀመጡ ጀመሩና ተመለሱ። «ብቻ ዘጠኙን ስትዘጉ ሰዎቹን አትበትኑ። ጥሩ ሰዎች ናቸው። ይህን ቆጥሬ ነው የምነግራችሁ።»

ዊሎውቤንድ በመስከረም መጨረሻ ተዘጋ። ግማሽ ያህሉ ሠራተኛ ወደ ጎን አዳራሽ ተወሰደ፤ ሌላው በየፊናው ተበተነ። ማርሊስ ኮፐርላይን ገባች፤ አባቷ ሁለት እሑድ ካኮረፏት በኋላ ኩርፊያውን ተዉ። እኔም ኮፐርላይን ጎታች ሆንኩ። ከሣሩ ላይ ወንበሩ ተነሣ።

በጥቅምት አንድ ጠዋት፣ ከኋላዬ ያን ያበጠ ኮፐርላይን አስከትዬ፣ አቋራጩ ጋ ስደርስ መሪው ወደ መንገድ አሥራ ስድስት ዞረብኝ። አቶ ላቮን ቅጠል ይጠርጉ ነበር። ሲያዩኝ መጥረጊያቸውን እንደ ትራፊክ ፖሊስ አነሡ።

«ኮሪን! በዚያ እኮ ነው መንገዱ! ሰባት ማይል ታተርፊያለሽ!»

መስኮቱን ዝቅ አደረግሁ። «አውቃለሁ። ይጻፉኝ።»

መጥረጊያቸውን ሣሩ ላይ ጣሉ። ከዚያ ቤት ገብተው ብዙ ቆዩ፤ ደብተሩን ሣጥን ውስጥ ከትተውት ኖሯል። ከኋላዬ ሁለት ጋሪ ተሰልፎ እስኪጠብቅ ቆየሁ። ይዘው ወጡ፣ ገለጡ፣ ሦስቱንም ረድፍ ተመለከቱ።

«በየትኛው ነው የምጽፍሽ? ለኮፐርላይን በእጄ አልጨምርም።»

«በስሜ ይጻፉኝ።»

በእርሳስ አዲስ መስመር አሰመሩ። ዓይናቸውም፣ ለምን እዋሻለሁ፣ የእኔም ዓይን እንባ አቀረረ። ጻፉና ጮክ ብለው አነበቡልኝ።

«ለኮሪን፣ አንድ።»