አልነሳ ያለው ኮምፒውተር

(የእቴቴ ሳሎን። እቴቴ ታላቅ እህቴ ናት፤ አስተማሪ። “ሊቁ” እኔ ነኝ፤ ቅጽል ስሙን ያወጣሁትም ራሴው ነኝ። ኮምፒውተሯ ላይ ሊኑክስ የተባለውን የኮምፒውተር ሥርዓት እየጫንኩላት ነው።)

ሊቁ፦ አትምቺው አልኩሽ እኮ!

እቴቴ፦ መቼ መታሁት? አቧራውን ነው ያራገፍኩት።

ሊቁ፦ ኮምፒውተር እንደ ምንጣፍ አይራገፍም!

እቴቴ፦ እሺ፣ ታዲያ ለምን አይነሳም? የተማሪዎቼ ውጤት በሙሉ እዚያ ውስጥ ነው። ርዕሰ መምህሩ ዛሬውኑ አምጪ ብሎኛል።

ሊቁ፦ እኔ እጅ ገብቶ የተበላሸ ነገር አለ?

እቴቴ፦ ቴሌቪዥኔ።

ሊቁ፦ እሱ ዕድሜው ደርሶ ነው። ይልቅ ስክሪኑ ምን እንደሚል አንብቢልኝ።

እቴቴ፦ (መነጽሯን አድርጋ) “ማስነሻ ዲስክ አልተገኘም” ነው የሚለው መሰለኝ። (ጎንበስ ብላ ጠረጴዛው ሥር ማየት ትጀምራለች።)

ሊቁ፦ ምን እያደረግሽ ነው?

እቴቴ፦ አልተገኘም አለ እኮ። ወድቆ እንደሆነስ?

ሊቁ፦ ኧረ በፈጠረሽ! ዲስኩ ያለው ውስጡ ነው! (ስጭን ሰክቻቸው የነበሩትን ሁለት ፍላሾች፣ ቀዩንና ጥቁሩን፣ መልሼ ሰክቼ አስነሳዋለሁ። ይነሳል።) ይኸው! ሊኑክስ ማለት ይሄ ነው!

እቴቴ፦ እሰይ! ውጤቱስ?

ሊቁ፦ አትቸኩያ! (ፍላሾቹን ነቅዬ እንደገና አስነሳዋለሁ። ስክሪኑ ጭልም ይላል።) ኤጭ! ይሄ ዕቃ ጠላቴ ነው።

እቴቴ፦ ሲሰካ ይነሳል፣ ሲነቀል ይሞታል። ነፍሱ ያለችው ፍላሹ ላይ ይሆን እንዴ?

ሊቁ፦ (እየሳቅሁ) ነፍሱ! ስሚኝ እቴቴ፣ ቀዩ መጫኛ ነው፤ ጭኖ ከጨረሰ ሥራው አለቀ። ጥቁሩ ደግሞ የራሴ... የራሴ... (ሳቄ ይጠፋል።)

እቴቴ፦ ምነው? ውጤቱን አጠፋኸው እንዴ? ልጆቹን ምን ብዬ ነው የማያቸው? ተናገር እንጂ!

ሊቁ፦ (ስጭን ከፍላሽ እንዲነሳ ብዬ የቀየርኩትን ቅንብር ወደነበረበት እመልሳለሁ። የድሮው ስክሪኗ ከነፋይሎቿ ብቅ ይላል።) አልጠፋም። ኮምፒውተርሽ ምንም አልሆነም። የተበላሸሁት እኔ ነኝ።

እቴቴ፦ ተመስገን! ታዲያ ጠዋት ሙሉ ሊኑክሱን የት ነው ስትጭን የነበረው?

ሊቁ፦ ጥቁሩ ፍላሽ ላይ።

እቴቴ፦ እዚያ ላይ የነበረውስ?

ሊቁ፦ ተደምስሷል። ነገ ለኮምፒውተር ሰልጣኞቼ የማቀርበው ትምህርት ነበር።

እቴቴ፦ አይ ወንድሜን! ስለ ምን ነበር?

ሊቁ፦ (ድምፄን ዝቅ አድርጌ) ፋይል ሳይጠፋ ሊኑክስ ስለመጫን።