ሁለተኛዋ ድምፅ

ዘፈን የሚወድ መንደር ሁሉ፣ ሰውን ከዘፈን የሚያስጠላ አንድ ሰው አያጣም። ለእኛ ለባክ ኒን ገጠር ሰዎች የደረሱን ክብርት እትዬ ኛን ናቸው።

እሳቸው ፊት ዘፍኖ ሳይታረም የወጣ የለም። ሙሽራ በሠርጓ ቀን ታርማለች። የሞተ ባሏን በእንጉርጉሮ የምታለቅስ ጎረቤታችንን እንኳ፣ እንባዋን እየጠረጉላት፣ ሁለተኛው ስንኝ ቤት እንዳልመታ ነግረዋታል። እኔም አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ግጥም ተምሬ የጻፍኩትን ሳነብላቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝና፣ "ልጄ፣ ሦስተኛዋ ቃል ጫማዋን ሳታወልቅ ቤት ገብታለች" አሉኝ። ሦስት ቀን ከቤት አልወጣሁም። የሚያናድደው ልክ መሆናቸው ነው።

በእኛ ዘንድ ብቻን መዝፈን ነውር ነው። ሴቶች ጥንድ ሆነው ይዘፍናሉ፤ አንዷ ትመራለች፣ ሌላዋ ድምፅዋን ከሥር አስገብታ ትጠፋለች። ለይተው ከሰሟት ሥራዋን አልሠራችም ማለት ነው። እትዬ ኛን አርባ ዓመት መሩ፤ እትዬ ዬን አርባ ዓመት ከሥራቸው ጠፉ። ዘንድሮ በብርዱ ወራት እትዬ ዬን ሞቱ።

ከዚያ ወዲህ ክብርትነታቸው አፋቸውን ዘጉ። ጥንድ ልትሆናቸው የመጣችውን ሁሉ መለሱ። አንዷን በአገጯ ምክንያት፤ ከዜማው ቀድሞ ይሄዳል ብለው። እንደዚሁ ሳይዘፍኑ እንዳይሞቱ ፈራሁ።

የፀደዩ ግብዣ ደረሰ። ከወንዙ ማዶ መንደር የመጡት ወንዶች፣ ጋሽ ታክና ጥንዳቸው፣ ዘፈኑ። በዚያው ዜማ፣ በአዲስ ቃል መመለስ የእኛ የሴቶቹ ፈንታ ነው፤ መላሽ ጥንድ ግን አልነበረንም። እትዬ ኛን ጥግ ይዘው የሚያኝኩትን ቅጠል ይጠቀልላሉ።

ሰው ፊት ስሜን መናገር የሚጨንቀኝ እኔ፣ ብቻዬን ጀመርኩ። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ድምፄ ሊሰበር ሲል ከሥር አንድ ነገር ደገፈው። የእትዬ ኛን ድምፅ ነበር። አርባ ዓመት የመራው ድምፅ ከእኔ ሥር ገብቶ ጠፋ።

ስጨርስ ጋሽ ታክ ራሳቸውን ነቀነቁ። "እትዬ፣ ይህቺ ቀጫጫ ብቻዋን ይህን ሁሉ ድምፅ ከየት አመጣችው?"

እትዬ ኛን ከቅጠላቸው ቀና አላሉም።

"እኔ ምን አውቃለሁ ጋሼ" አሉ። "ከልጅነቷም አልቃሻ ነበረች።"